ካልሲ ያጠለቀች መኪና

ለመኪናዬ ካልሲ ገዛሁ ስል ዳንፎርዝ ሰፈር ካለው የሐበሻ ካፌ ውስጥ የተቀመጡት ወንዶች የሳቁት ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አንዱ ሹራቧንስ መቼ ልትገዢላት ነው አለኝ። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ከተማ ታክሲ የነዳ ሰው ነው፤ ማኪያቶውን አስቀምጦ፣ በጨርቅ በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና ካየሁ መንጃ ፈቃዴን በመቀስ እቆርጣለሁ ብሎ ማለ። ማልክ አይደል፣ እናያለን አልኩትና ወጣሁ።

ነገሩ እኮ ተአምር አይደለም። ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ዳር ዳሩን ላስቲክ አለው፤ ጎማው ላይ ይጠልቃል። እርጥብ ብርጭቆ ከእጅ ሲያመልጥ በፎጣ ይዘው ያነሱት እንደሆነ አያመልጥም፤ ይኸው ነው ሥራው። የክረምት ጎማ ለምን አታስገቢም ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ የምኖረው ሬክስዴል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው፤ የበጋውን ጎማ አልጋዬ ሥር ላስቀምጠው? በረንዳ ላይ እንደሆነ ክልክል ነው። ደግሞ የእኔ ችግር መንገዱ አይደለም፤ ዋናው መንገድ ይጠረጋል፣ ጨው ይበተንበታል። የእኔ ችግር ከምድር ቤቱ ፓርኪንግ የሚያወጣው ራምፕ ነው። ዳገት ነው፤ ከሥሩ የሚያሞቀው ሽቦ ከተበላሸ ከርሟል፤ የሕንፃው ጠባቂ ነገ ይሠራል ይላል፣ ነገው አይመጣም። በረዶ በጣለ ቁጥር ግማሹ ጎረቤቴ ራምፑ ግርጌ ጎማውን ሲያሽከረክር ይውላል።

እኔ በዚህ ዓለም ላይ አምርሬ የምጠላው ቃል ቢኖር ይቅርብሽ የሚለው ነው። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስል ይቅርብሽ፣ ባቡር አለልሽ። ባሌ ሲሞት መኪናውን አልሸጥም፣ ራሴ እነዳዋለሁ ስል ይቅርብሽ፣ በዚህ ዕድሜ። እሺ ብል ኖሮ ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በመስኮት የሰው መኪና ስቆጥር እውል ነበር። እሺ አላልኩም።

ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ አንዲት ልጅ ትኖራለች። ለትምህርት መጥታ ነው፤ እርጉዝ መሆኗን ያወቀችው እዚህ ከገባች በኋላ ነው። ባሏ አዲስ አበባ ቪዛ ይጠብቃል፣ ዘመድ የሚባል እዚህ የላትም። ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ አራስ ቤትም ገንፎ ያገነፋሁላት እኔው ነኝ። ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትና ያንሱልኝ ስትለኝ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። እናቲቱም እስከዚያ ድረስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ቀኑ እሑድ ላይ ዋለ፤ በረዶው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ውሎ አመሸ። ማታ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እየተፈራረቁ ደወሉ። ክልክሉ ቀኑ ሳይሞላ ነው እንጂ ቢያልፍ ምንም አይደል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፍ፣ ይቅርባችሁ አሉ። የልጅቷ እናት፣ የሕፃኗ አያት፣ ከአዲስ አበባ ደውላ ያንኑ አለች፤ እንዲያውም አባትየው እስኪመጣ ለምን አትጠብቁም አለች። ልጅቷ ስልኩን ዘግታ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጦ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሁሉ ነገሯ ይቆይ እየተባለ ነው የተወለደችው» አለችኝ። «አባቷም ይቆይ ተብሏል፣ የስም ድግሷም ይቆይ ተብሏል። አንድ ነገር እንኳን በቀኑ ይሁንላት።»

በቀኑ ይሆናል አልኳት። በስልክ የሚጠራው ታክሲ አንድም አይመጣም ነበር፤ ሞክራዋለች። ስለዚህ ሂጂና ተኚ፣ ነገ በካልሲዬ አወጣሻለሁ አልኳት።

አሁን ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። የባሌ አጎት ናቸው፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ከአሰብ አዲስ አበባ ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዱ፣ ከነተሳቢው ገደል አፋፍ ላይ የሚያዞሩ ሰው ነበሩ ይባላል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የሚሉት፤ ግን አምናቸዋለሁ። በዓይናቸው ምክንያት መንጃ ፈቃዳቸው ከተወሰደ ወዲህ ከጎኔ ተቀምጠው ፍሬን የሚረግጡት በባዶ ወለል ላይ ነው። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነጭ ጋቢያቸውን ካፖርታቸው ላይ ደርበው፣ ከሁላችን ቀድመው መኪናዋ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

ካልሲዎቹን ከከረጢቱ አወጣሁ። ከረጢቱ ላይ ሥዕል አለ፤ የእኔ ዓይነቷ መኪና የምትሳበው በፊት ጎማዋ ስለሆነ ጨርቁ የሚገባው ፊት ላይ ነው። ይህን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ ስል ጋሼ ወደ ኋላ ነው ልጄ አሉኝ። ጋሼ፣ ይቺ በፊት ነው የምትሄደው አልኳቸው። መኪና የሚገፋው በኋላ ጎማው ነው፣ እኔ ዳገት አላውቅም እንዴ አሉ። እንግዲህ ምን ትላላችሁ? ለቅዱስ ነገር እየሄድን፣ ሽማግሌ አፍ ላይ ልመልስ? ምላሴን ነክሼ ኋላ ጎማ ላይ አጠለቅኩት። ይሄ ስህተት ደግሞ የእኛ ሰው ካልሆነ ማንም የማይሠራው ስህተት ነው። ፈረንጅ ቢሆን ሥዕሉን አሳይቶ ይገላገል ነበር።

ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ ከኋላ ገባች፣ ተነሳን። ራምፑ እኩሌታ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ ዝም ብለው መሽከርከር ጀመሩ። መኪናዋ ተንፈራገጠች፣ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት። ሕፃኗ ከእንቅልፏ ነቅታ ጮኸች። ልጅቷን በመስታወት ሳያት ልጇን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ጋሼ ጋዝ ጨምሪ ይላሉ። ግርጌ ደርሰን ስንቆም ደሜ ፈላ። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ እትዬ ይቅርብን መሰለኝ ስትል ደግሞ ባሰብኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ በዚህች መኪና ላይ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ።

ይሄን ያህል ድፍረት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ባሌ ቢሰማኝ መቃብር ውስጥ ይገላበጥ ነበር። ጋሼ አንገታቸውን አቀረቀሩ። እኔ ወርጄ፣ የበዓል ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ በቆሻሻው በረዶ ላይ ተንበርክኬ ጨርቁን ከኋላ መዘዝኩት። ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ጓንት አድርጎ አይሆንም፤ ላስቲኩ እየተፈናጠረ አስቸገረኝ፤ በባዶ እጄ አደረግኩት። የላይኛውን ግማሽ ታጠልቃለህ፣ መኪናዋን ትንሽ ወደፊት ታስኬዳለህ፣ ከሥር የነበረው ወደ ላይ ሲመጣ ቀሪውን ትጎትታለህ። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው ቀርቶ ነበር። ከዚያ ገባሁና ቀስ አድርጌ ነዳሁ፤ ያቺ መኪና ያንን ራምፕ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣችው። ልጅቷ እልል አለች፤ በዚያ ጠባብ መኪና ውስጥ። እኔም አብሬያት እልል አልኩ።

ሃይዌይ ከመግባቴ በፊት ወርጄ አወለቅኩት፤ ባዶ አስፋልት ላይ ከነዱበት ጨርቁ ወዲያው ነው የሚያልቀው። ኢስት ዮርክ ደርሰን ያልተጠረገው የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ እንደገና ተንበርክኬ አጠለቅኩት። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሄዱ። ተቀይመዋል ብዬ ልቤ ቢሸማቀቅም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ልክ ነበርኩ።

በሩ ላይ ከደወሉልን ሴቶች አንዷ ስታየን አማተበች። በምን መጣችሁ አለችኝ፤ በካልሲ አልኳት። ካህኑ ክርስትና የምታነሳው ማናት ሲሉ፣ እኔ ነኝ ያልኩበት ድምፅ ከምጠብቀው በላይ ጮኸ። ሕፃኗን ከውሃው ስቀበላት እጄ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር። ማተቧ ሲታሰርላት፣ እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ሳያት፣ እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም። በቀኑ ሆነላት።

ስንወጣ ያ መንጃ ፈቃዱን እቆርጣለሁ ብሎ የማለው ሰው ትልቁን መኪናውን ከበረዶ ለማውጣት አካፋ ይዞ ይታገላል። መቀስ ላምጣልህ ወይ አልኩት። አካፋውን ተደግፎ ወዲያ የቆመችውን መኪናዬን አየና፣ ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መኪናዋ ጋ ስደርስ ጋሼ የሉም። ዞር ብዬ ሳይ በወዲያኛው ጎን፣ የፊቱ ጎማ ላይ ተንበርክከዋል። ወደ ቅዳሴው ከመግባታችን በፊት ጨርቁን አውልቄ ከመኪናዋ ወንበር ሥር አድርጌው ነበር፤ አውጥተው፣ ጋቢያቸውን ጭቃ እየነካው፣ ላስቲኩን በባዶ እጃቸው ይጎትታሉ። ደነገጥኩ። ብርዱ ይገድላቸዋል ብዬ ሮጬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ ይነሱ፣ እኔ አደርገዋለሁ፤ ይቅርብዎት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«አንቺ እንኳ አትበይኝ» አሉ። «እኔም ከመንጃ ፈቃዴ ወዲህ የምሰማው እሱን ብቻ ነው።»

ክንዳቸውን ለቀቅኩ። ያ ስንት ዓመት ያንገበገበኝ ቃል ከራሴ አፍ ወጥቶ እዚያ በረዶው ላይ ቆሟል፤ የት ልክተተው? ሄጄ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷና የክርስትና ልጄ ከኋላ ገቡ። መስኮቱን ከፍቼ ጋሼን ጠበቅኳቸው። የላይኛውን አጠለቁ፣ በእጃቸው ሂጂ አሉኝ፣ ቀስ አድርጌ ሄድኩ፤ ቁሚ ሲሉኝ ቆምኩ።