የጋሼ ታደሰን ፎቶዎች ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ሰው «ጎበዝ ባለሙያ» ሲለኝ ደሜ ስለሚፈላ ነው። ጎበዝ! የምን ጎበዝ!

ሸዋ ሮቢት ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ጋሼ ታደሰ የአጣዬ ፎቶ አንሺ ናቸው። ከተማዋ ስትቃጠል ስቱዲዮአቸው ነደደ፤ ያተረፉት አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የስንት ዘመን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እዚያ ውስጥ ነበር። ቤታቸው ከነአልበሙ የነደደባቸው ሰዎች የሟቾቻቸውን መልክ ፍለጋ እሳቸው ጋ ይሄዱ ነበር። ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ቢያስቸግራቸው በጋቢ ጠቅልለው በአውቶቡስ አመጡልኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ዊንዶውሱን ከነፋይሉ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ ወደሚባለው አዲስ ፈጣን ዲስክ መገልበጥ ብቻ። ፕሮግራሙ ከየትኛው ወደ የትኛው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በስልክ ስለ ኳስ እየተከራከርኩ ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ እንዲገለበጥ አዘዝኩ። «ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይቀጥል?» አለኝ። ሳላነብ አዎ አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም!

ስባንን ገመዱን ነቀልኩ። ገና ሩቡም አልሄደም ነበር። የቀረውን አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎች ሊያወጡት ይችሉ ነበር፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

እስከዚህ ስህተት ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ስህተት ብሎ የሚጠራልኝ ካለ አልሰማውም። ጋሼ ሲመጡ «ዲስኩ በሙቀት ተቃጥሏል» አልኳቸው። በእኛ ቆላ በሙቀት የማይሳበብ ነገር የለም። «አዲስ አበባ ልውሰደው ይሆን?» ቢሉኝ፣ እዚያ ውሸቴ እንዳይወጣ ፈርቼ «አይልፉ ጋሼ፣ ሞቷል» አልኩ።

እሳቸው ምን አሉኝ? «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ በመንገድ አንገላታሁት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፋህ።» አመሰገኑኝ! እኔን! እንደሄዱ ዲስኩን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። እኔ ነኝ የቀጠቀጥኩት፣ በዚህ እጄ።

በቀደም ደወሉልኝ። አንዲት እናት የሞተ ልጇን ፎቶ ፍለጋ በገበያ ቀን ሁሉ ትመጣባቸዋለች፤ ሌላ ፎቶ የላትም። «መልኩ እየጠፋብኝ ነው ትለኛለች፣ ምን ልበላት ልጄ?» አሉኝ። «ይጽናኑ በሏት» አልኩ። ይጽናኑ! ምላሴን ይቁረጠው!

«ሰው ይሳሳታል» እንዳትሉኝ፤ አልፈልግም። ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አላንገላቱም። ነገ በመጀመሪያው መኪና አጣዬ እመጣለሁ፤ ለእርስዎም ለእሷም በገዛ አፌ እናገራለሁ። ይቅር በሉኝ ግን አልልም። እርስዎ ደግ ነዎት፣ ወዲያው ይቅር ይሉኛል። እሷ ግን የልጇን ፊት ከየት ታምጣው?