ከቅጥሩ የወጣችው ድኩላ

ጓሮዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግርጌ ነበር። ከላይ ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ ቀን እንኳ ጨለምለም ይላል፤ ከታች የኔ መደቦች ናቸው፤ በመካከሉ የተናደ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው ያለው። ባለቤቴ የጭነት ማኪና ረዳት ነበርና ደባርቅን አልፎ፣ ድብ ባሕርን አልፎ፣ እስከ ዛሪማ ይወርዳል። እቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ቤቱ የኔና የልጄ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሷ በፊት ሁለት ቀብሬአለሁ። አንዱን ክርስትና ሳይነሣ፣ አንዷን መራመድ ስትጀምር። ሦስተኛዋ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷን ትነቅል ነበር። ሰው ሲያያት ወደ ጀርባዬ እስባታለሁ። «ምነው እንዲህ ሸጋ ሆነች!» የሚል ሲገኝ በፊቱ ፈገግ እልና ጀርባውን ሲሰጥ እንትፍ እንትፍ እልባታለሁ። አዲስ ቀሚስ አላለብሳትም። ግንባሯን ጥላሸት ሳልቀባ ከደጅ አላወጣትም። ከሰፈር ልጆች ጋራ እንድትጫወትም አልፈቅድም፤ የማን እናት ምን ዓይን እንዳላት በምን አውቃለሁ?

የማምነው ነገር ቢኖር ጓሮውን ነው። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም፣ ከጥጉ ደግሞ ጌሾ ነበረኝ። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዘር የተራባ ሰላጣም ነበረኝ። እኛ አንበላውም፤ በጠዋት ታጥቦ ፒያሳ ላሉት ምግብ ቤቶች ይሄዳል።

አንድ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ብወጣ ሰላጣው ተበልቷል። ፍየል ቢሆን ነቅሎ ነው የሚበላ። ይህ ግን ጫፍ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፤ ሥሩ አልተነካም። የሰው እጅ ነው አልሁ፤ ዓይኔም ወደ ጎን አጥር ሄደ።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ሽማግሌ በጣሊያን ጊዜ ጫካ ገብተው የተዋጉ፣ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከሁለት ውሾችና ከአንድ አሮጌ ጠመንጃ በቀር ማንም የላቸው። እኔ አያ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እቱ ይሉኛል። አንድም ቀን ክፉ አድርገውኝ አያውቁም። እሱም ራሱ ያሳስበኝ ነበር።

በማግስቱ ሌባዬን ልይዝ ማልጄ ከጌሾው ሥር ተቀመጥሁ። የመጣው ግን ሽማግሌው አልነበረም። ከተናደው ካብ በኩል ቀንድ የሌላት፣ ጎኗ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለባት ድኩላ እግሯን ቀስ እያለች እያነሣች እንደ ባለቤት ገባች። አየችኝ። አልሸሸችም፤ አንድ ቅጠል ቀጭታ እያኘከች ቆማ ታየኝ ጀመር። አውሬ ሰው አይቶ ካልሸሸ ምን ይባላል?

ከሰላጣው ወደ ጎመኑ ስታልፍ ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው።

«ከየት ነው የገባች?»

«ከቅጥሩ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ የታቦቱ ናት። እጅሽን እንዳታነሺባት።»

«ጎመኔን ጨረሰችው እኮ!»

«ከጎመን ሌላ አልነካችም? እንዲህ ያለ ጾመኛ እኛም ደብር አይገኝ» ብለው ሳቁ። «አንድ መደብ ለይተሽ ተይላት።»

በኛ ዘንድ ከቅጥር የወጣ ነገር፣ ወፍም ይሁን ጦጣ፣ አይነካም። ደሙ የፈሰሰበት ቤት ይጠየቃል ይባላል። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ከብቱን ወይም አዝመራውን ያስብ ይሆናል። እኔ የማስበው ልጄን ነው። ስለዚህ ከካቡ ሥር ያለውን መደብ ለቀቅሁላት። ጎመን ተከልሁበት፣ በተሰበረ ገንቦ ቂጥ ውኃ አኖርሁበት። ውኃው ደግሞ ሌላውን ጠራ፤ ዋኖሶች ይወርዱበት ጀመር፣ ጅግራ ጫጩቶቿን እየመራች ትመጣለች። ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ትስቃለች። እኔ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያልሁ እጠብቃለሁ።

ከዚያ ጨው አየሁ። ከውኃው አጠገብ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተደቀቀ ጨው ተነስንሷል። ጠረግሁት። በማግስቱ ከፒያሳ ስመለስ ደግሞ አለ። ወላጅ አባቴ አዳኝ እንዴት እንደሚያደርግ ሲናገር በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ ጨው እያኖረ እንስሳውን ያለምደዋል፤ ከለመደ በኋላ ጥይት ነው። በሰፈራችን ጠመንጃ ያለው ማን ነው? ደሙ ጓሮዬ ላይ ቢፈስ ተኳሹ ሥጋውን ይዞ ይሄዳል፤ የምጠየቅ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ የምጠየቅበት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለኝ።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጠመንጃቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ አየሁና ከአጥሩ በላይ ተጣራሁ።

«አያ፣ ምነው ዛሬ ብረቱን አወጡት?»

«እንዳይዝግ ነው እቱ። ምነው፣ ዘመቻ ታወጀ እንዴ?»

«ዘመቻውንማ አንቱ ነዎት የሚያውቁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ፊትሽ ምን ሆነ? ባልሽ ዛሪማ ላይ ሌላ አገባ?»

«ጓሮዬ ውስጥ ጨው የሚያኖር ሰው አለ።»

«ጨው!» ብለው ጉልበታቸውን መቱ። «እኔ ለሽሮዬ አጥቼ? ደግሞስ ድኩላ ላድን ብል ይቺ እግር ታደርሰኛለች? ያውም የታቦቱን! ይልቅ ገብተሽ የራስሽን አሞሌ እዪ።»

ገብቼ አየሁ። እንዳይረጥብ ከምድጃው በላይ የሰቀልሁት አሞሌ ጥጉ በድንጋይ ተፍቋል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እሳቸው ይህን በምን አወቁ የሚል ነው። ፒያሳ ስሄድ ቤቴ ይገባሉ ማለት ነው አልሁ። በማግስቱ ሰላጣውን በቅርጫት ይዤ፣ ልጄን «ደኅና ዋይ» ብዬ ወጣሁና ዞሬ ከጌሾው ኋላ ተደበቅሁ።

ብዙም አልቆየሁ፤ የጓሮው በር ተከፈተ። ልጄ እጇን ጨብጣ ወጣች። ድንጋዩ ጋ ደርሳ ቁጢጥ አለች፤ በአፏ ቀስ ብላ አፏጨች። ድኩላዋ በቀን ብርሃን ከጽዱ መሐል ወጥታ መጣች። ድንጋዩን አልነካችውም፤ ጨውን የላሰችው ከልጄ መዳፍ ነው።

ሌላ እናት ብታየው ምን እንደምትል አላውቅም። እኔ ግን ሁለቱን የወሰደብኝ ነገር ሦስተኛዋን በዚህ መጣባት አልሁ። ጮህሁ። ድኩላዋም ጮኸች፤ እንደ ውሻ ነው የጮኸችው። ድኩላ ስትደነግጥ እንዲያ እንደምትጮህ ያን ጊዜ አላውቅም ነበርና ድምፁ አጥንቴ ገባ። ዘልላ ካቡን አለፈች።

«እማ፣ ምነው አባረርሻት? ጓደኛዬ ናት እኮ!»

«አውሬ ጓደኛ የለውም!»

«እኔም የለኝም» አለች።

የዚያኑ ቀን ቀጋና አጋም ቆርጬ የተናደውን ካብ ደፈንሁት። ክታብ አሠርቼ ልጄ አንገት ላይ አሰርሁ። ውኃውን ደፋሁት። ወፎቹም ቀሩ። ጓሮው ጸጥ አለ፤ ልጄም ጸጥ አለች። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ ሳጎርሳት ትውጣለች፣ ከዚያ ዓይኗ እሾሁ ላይ ነው። ጸጥታዋን የክታቡ ሥራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሰላጣ አጥቤ ከወንዝ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ወደ ጓሮ ሮጥሁ። እሾሁ በታች በኩል ልጅ በምታልፍበት ልክ ተፈልቅቋል፤ የቀሚሷ ክር አጋሙ ላይ ተንጠልጥሏል። እሪ ብዬ መጮኼን አላስታውስም፤ ጎሮሮዬ ሲቃጠል ነው ያወቅሁት።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። ውሾቹን አስረዋቸዋል።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ፣ አያ። ቅጥሩ ውስጥ።»

«ተከተይኝ።»

ያቺን የማትታጠፍ እግር እየጎተቱ በወይራው መካከል ቀድመውኝ ወጡ። መሄጃውን አልጠየቁኝም። ይህን መንገድ እንዴት እንዲህ አወቁት? ዛሬ ውሾቹን ምን አሳሰራቸው? ልጄን ፍለጋ እየሄድሁ፣ የምከተለውን ሰው ጀርባ እየጠረጠርሁ ነበር።

ድንገት እጃቸውን ዘርግተው አቆሙኝ። ከፊታችን አንዲት ወይራ ነበረች። ልጄ ከሥሯ ቁጢጥ ብላ፣ ጨው ያለበት መዳፏን ወደ ቁጥቋጦው ዘርግታለች። ክንዷን እሾህ ቧጭሮት ደሙ ወደ ክርኗ ወርዷል። ከኋላዋ መሬት የለም። የቅጥሩ ዳር እዚያ ላይ ያልቅና ታች ወንዙ ድረስ ገደል ነው።

ልሮጥ ስል ነጠላዬን ያዙኝ። «ቀስ በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅሽ ስትቆጪ ሰምታሻለች፤ ካየችሽ ትሸሻለች። መሸሻዋ ደግሞ በዚያ ነው። ተቀመጪና ጥሪያት።»

ተቀመጥሁ። «ነይ የኔ እናት» አልሁ።

ዞራ አየችኝ። አልተነሣችም። «እጄ ደም ስላለበት ነው ያልመጣች» አለችኝ።

«ይሁን፤ ነይ።»

«እሾሁን ታነሺዋለሽ?»

«አነሣዋለሁ።»

«በታቦቱ?»

«በታቦቱ።»

እያንዳንዷን እርምጃዋን በዓይኔ ይዤ ከዚያ ገደል አመጣኋት። እቅፌ ስትገባ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ወይራው አዙረው በእጅጌያቸው ያብሱ ነበር። ላብ ነው አልሁ።

እሾሁን የዚያኑ ዕለት አነሣሁት፤ ውኃውንም መለስሁ። ድኩላዋ ግን ቶሎ አልመጣችም፤ ተቀይማለች ብዬ በፍርሃት አላርፍም፣ ልትመጣ ነው ብዬም አላርፍም። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ካቡ ላይ ታየች። አሞሌውን ከመስቀያው ያወረድሁት፣ የፈቀፈቅሁትም እኔው ነኝ። ልጄ በመዳፏ ይዛ ቆመች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የቀሚሷን ጀርባ በጡጫዬ ጨበጥሁ።

ድኩላዋ ስትልስ ዓይን ለዓይን ተያየን። በልቤ እንዲህ አልኋት፦ ጎመኑም ያንቺ ይሁን፣ ሰላጣውም ያንቺ ይሁን፤ ይቺን ግን ተይልኝ። ጆሮዋን አራገበች። እሺ ማለቷ ይሁን ዝንብ ማባረሯ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቀሚሱን ግን አልለቀቅሁም።