የመቀናጆ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬን ሊያይልኝ ከጥገና ቤት የመጣው ወጣት ክዳኑን ፈቶ በስልኩ መብራት ውስጡን ከመረመረ በኋላ «አዲሱን ጌም ይሄ አይችለውም» አለኝ። ራሙም ግራፊክስ ካርዱም መቀየር አለበት። ካርዱ ከተቀየረ ደግሞ የድሮው ስክሪን ገመድ ስለማይገጥም ስክሪኑም አብሮ መቀየሩ ነው። ጌሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ እኔም እንደ ልጅ እየጠበቅሁት ነው። «ልዘዝልህ?» ሲለኝ «እዘዝ» ልል ከንፈሬን ከከፈትኩ በኋላ «እስቲ ላስብበት» አልኩት። ባለቤቴ ሳቀችብኝ፤ ለጌም እንዲህ የሚጨነቅ ባለትዳር አይታ አታውቅም። እሷ የማታውቀው ግን ይህንኑ ነገር፣ «ስክሪኑ አይገጥምም» የሚለው እንኳ ሳይቀር፣ ልጅ እያለሁ አንድ ጊዜ መስማቴን ነው። ያኔ አላሰብኩበትም።

እኔና ጌትነት ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ደብረ ታቦር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። መንደራችን ከገሳይ ከተማ ወደ ጉና ተራራ ወጣ ብሎ፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። አባቶቻችን መቀናጆ ነበሩ። አባቴ አንድ በሬ አላቸው፣ የጌትነት አባት አያ ካሴም አንድ በሬ አላቸው፤ ሁለቱን ይጠምዱና አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእነሱን ያርሳሉ። «አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ አይሆንም» ይሉ ነበር አባቴ። እኛም ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤት ስንሄድ የማን እርሻ ላይ እንደምናገኛቸው በቀኑ እናውቅ ነበር። ክፍላችን ሁልጊዜ የነጭ ጋዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ዝናብ የመታው ጋቢ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም አልፎ አልፎ ድንገት ይመጣብኛል።

ኮምፒውተር ያገኘነው በየግማሹ ነው። ከተማው ውስጥ ቢሮ የሚሠራው አጎቴ፣ መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ዕቃዎች ሲያስወግድ አንድ ሲፒዩ፣ ሳጥኑን ከነኪቦርዱ፣ አግኝቶ ሰጠኝ፤ ስክሪን ግን የለውም። የጌትነት እህት ደግሞ ከዓረብ አገር ስትመለስ «ለወንድሜ ኮምፒውተር ገዛሁ» ብላ ከባሕር ዳር ድረስ ካርቶን ይዛ መጣች። ካርቶኑ ሲከፈት አንድ ወፍራም አሮጌ ስክሪን ብቻ ነው። በሠራችበት ቤት ያየችው ኮምፒውተር ሁለ ነገሩ ስክሪኑ ውስጥ ያለቀ ስለነበር፣ ሌላ ሳጥን ይፈልጋል ብላ አልጠረጠረችም። ጌትነት አመስግኖ ጉልበቷን ስሞ ተቀበላት፤ ግማሽ ኮምፒውተር እንደገዛችለት አልነገራትም። የእኔን ሲፒዩና የእሱን ስክሪን በሰካን ዕለት፣ ሰማያዊው መብራት ፊታችን ላይ ቦግ ሲል «በል እንግዲህ፣ ተቀናጀን!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ።

የነበረን ያረጀ የኳስ ጌም ነው። በአንድ ኪቦርድ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ እኔ በግራ በኩል ባሉት ፊደሎች፣ እሱ በቀኝ በኩል ባሉት ቀስቶች እንጫወታለን። ኮምፒውተሩ ሲደክመው ኳሷ አየር ላይ ትቆማለች፤ እኛም እስክትወርድ ድንች እንልጣለን። መብራት ሲጠፋም ጨዋታው አይቋረጥም፤ ጌትነት እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፁን አወፍሮ ያስተላልፋል፣ እኔ በአፌ ጎል አገባለሁ፣ እሱ ከጨዋታ ውጭ ነው ብሎ ይሽርብኛል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጌም ተጫውቻለሁ፤ እንደዚያ የሳቅሁበት የለም።

በሁለተኛው ዓመት የጌሙ አዲስ እትም ሊወጣ ነው ተባለ። ከተማው ውስጥ ያለው ጌም ቤት በር ላይ ሥዕሉ ተለጥፎ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናየዋለን። የእኛ ኮምፒውተር እንደማይችለው ሁለታችንም እናውቃለን። አጎቴ ደግሞ ጥሩ ውጤት ካመጣሁ ሲፒዩውን እንደሚያሻሽልልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ አመጣሁና ወደ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሠራተኛው አየውና ካርዱ ከተቀየረ ያ ወፍራም ስክሪን እንደማይገጥም ነገረን። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «ስክሪንም አዲስ እገዛልሃለሁ። የድሮውን ትተወዋለህ፤ ይቀየር?» አለኝ። የድሮው ስክሪን የማን እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ጌትነት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ክፍላችን ውስጥ ራት እየሠራ ነበር። «ቆይ፣ ጓደኛዬን ልጠይቀው» ማለት ይቻል ነበር። መሬት መሬት እያየሁ የማስብ መሰልኩና «እሺ» አልኩ። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ አዲሱን መፈለጌ አይደለም፤ አለመጠየቄ ነው።

ስነግረው ጌትነት የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠ። ከዚያ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። ከአጎቴ ቤት አዲሱን ስክሪን ስናመጣ ዝናብ ያዘንና፣ የራሱን ጋቢ አውልቆ ስክሪኑን ያለበሰው እሱ ነው። እሱ ራሱ በስብሶ ገባ።

አዲሱ ጌም በእውነት ያምር ነበር። ሣሩ ሣር ይመስላል፣ የተጫዋቾቹ ላብ እንኳ ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን አብረን ተጫወትን። ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀድሞ የገባው ያበራው የነበረው ኮምፒውተር አሁን እኔ ካላበራሁት አይበራም ነበር። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ሳለ ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ «ትንሽ ብጫወትበት ቅር ይልሃል?» አለኝ። በሁለት ዓመት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ምን አስጠየቀህ፣ ተጫወት እንጂ!» አልኩት፤ አነጋገሬ ግን የፈቃጅ ነበር፣ ለራሴ ጆሮም ተሰማኝ። ጥቂት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ መጠየቁን ተወ፤ መጫወቱንም ተወ።

በገበያ ቀን አባቴ ስንቅ ይዘው መጡ። የገብስ ዳቦውንና ቆሎውን አስቀምጠው አልጋ ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን ስክሪን አዩት።

«ይኼስ የማነው?»

«የጌትነት ነው፣ አባባ። ከአዲሱ ጋር አልገጥም ብሎ ነው።»

ጌትነት ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ነበር። አባቴ ስክሪኑን ጥቂት አዩትና ወሬ ቀየሩ። ቤት ያሳደግነው ወይፈን ቀንበር መልመዱን፣ ደልዳላ በሬ መሆኑን ነገሩኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «እንግዲያ የራሳችን ጥማድ በሬ ኖረን ማለት ነው፤ ከአያ ካሴ ጋር መቀናጀቱ ቀረልዎ» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ነካህ ልጄ! በእርሻ መኻል መቀናጆ ይፈታል እንዴ? ካሴ በአንድ በሬ ምን ይሁን ብዬ? ዘንድሮን አብረን አርሰን፣ ለከርሞው እሱም መላ ሲያገኝ ያን ጊዜ ተማክረን ነው።»

ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ የዳቦውን ጨርቅ ያጣጥፉ ነበር። ለእኔ ብለው ይሁን ወይስ ስለ በሬ ብቻ እያወሩ፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ቀና ማለት አቃተኝ።

ጌትነት በዚያው ዓመት ዓርብ ዓርብ ብቻውን ወደ ቤቱ መሄድ አበዛ። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲከፈት ከሌሎች የመንደራችን ልጆች ጋር ሌላ ቤት እንደተከራየ ነገረኝ፤ ለትምህርት ቤቱ ይቀርበኛል አለ። ስክሪኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። አልተጣላንም፤ ብንጣላ ኖሮ መታረቅ ይቻል ነበር።

ዛሬ ጌትነት አንበሳሜ ከተማ እህል ይነግዳል። በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፣ እንተቃቀፋለን፣ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን። ባለፈው ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ሳስብ ቆየሁና ደወልኩለት።

«ጌትነት፣ አንድ ነገር ላማክርህ። ኮምፒውተሬን ለአዲሱ ጌም ላሻሽለው ወይስ ልተወው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና ነህ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ከኋላው ሰው ስለ ጤፍ ሲከራከር ይሰማል።

«የምሬን ነው። አንተን ሳልጠይቅ አልወስንም ብዬ ነው።»

ሳቁ ቆመ። የማወራው ስለ የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ የገባው መሰለኝ። ከዚያ ልክ እንደ ድሮው ለስለስ ባለ ድምፅ «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ምን አገባኝ? ያንተ አይደለም እንዴ» አለኝ።

ቂም የለበትም፤ ከልቡ ነው ያለው፣ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ጥገና ቤቱ በር ላይ ቆሜ ብጠይቀው ኖሮ ግን እንዲህ አይለኝም ነበር። «ኮምፒውተራችንን ምን ልታደርገው ነው?» ብሎ ይቆጣኝ ነበር።