የሽመላው ቀለበት

ዘንድሮም ጥቅምት ሳይወጣ ሽመላዎቹ አንገረብ ግድብ ላይ ወረዱ። የልጄ ልጅ በስልኳ አንስታ አመጣችና «እማ፣ ይሄኛው እግሩ ላይ የታሰረው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ እንባዬ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሠርጌ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ከሰፈር ሴቶች ጋር ለሠርጉ የሚነጠፈውን ምንጣፍ ልናጥብ ወደ ግድቡ ወርደን ነበር። ዝናቡ አቁሟል፣ ውሃው ሞልቷል፣ አደይ አበባው መርገፍ ጀምሯል። የቋጠርነውን ዳቦና የተቆላ ሽምብራ እየበላን ሳለ ዳር ላይ አንድ ሽመላ ሲንፈራገጥ አየሁ። የዓሣ ማጥመጃ ክር ክንፉንና እግሩን አንድ ላይ ተብትቦታል። እኔ ጉደኛዋ ሮጬ እግሩን ያዝኩት። ፊደል የተቀረጸበት የብረት ቀለበት አየሁና ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ምን አናገረኝ!

«መተት ነው፣ ልቀቂው» አሉ ሴቶቹ። የማይታወቅ ጽሕፈት በወፍ እግር ታስሮ ሙሽራ እጅ ሲገባ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ደጃፍ ላይ ወድቆ ቢገኝ እንኳ በእንጨት ይገፋል እንጂ በእጅ አይነካም። ፈረንጆች የወፍ መንገድ ለማወቅ እንደሚያስሩት ማን ነግሮን! አንዷ ድንጋይ አነሳች፤ ሌላዋ ለአማቴ ልትነግር ወደ ላይ ሮጠች። እኔ ወፉን ከልዬ ቆምኩ። መተት የነካች ሙሽራ ማን ቤቱ ያስገባል?

አማቴ እትዬ ዘይነባ መጡ። ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፣ ቃል አያበዙም። ወፉን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ውሃው ውስጥ ገቡና ከቦርሳቸው መቀስ አወጡ።

«ቢስሚላህ። በይ መንቁሩን ያዢልኝ» አሉ።

ክሩን አንድ በአንድ ቆረጡት። ሽመላው ጥቂት ተንገዳገደና ተነሳ፤ ግድቡን አንዴ ዞሮ ወደ ወለቃ በኩል አቀና። እሳቸውም ወደ ሴቶቹ ዞረው ሠርጉ በቀኑ እንደሆነ ተናገሩ። ድንጋይ ያነሳችውም ድንጋዩን ጣለች።

አብረን ብዙ ኖርን። አንድ ቀን፣ አርጅተው ከቤት መውጣት ካቆሙ በኋላ፣ መተት አለመሆኑን በምን እንዳወቁ ጠየቅኋቸው።

«መች አወቅሁ» አሉኝ። «መተት መስሎኝ ነው የገባሁት። አንቺ ነክተሽው ነበራ፤ ብቻሽን ልተውሽ ነው?»

ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ለልጅቷ የቀለበቱን ነገር በደንብ አስረዳኋት፤ የእሳቸውን ግን ገና አልነገርኳትም። ደፋር ሰው ብዙ አይቻለሁ። እየፈራ የገባልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አላህ በጀነት ያኑራቸው።