መጨረሻው ሁልጊዜ ለእኔ

ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለማባዛት እንዲመቻት ጀርባውን በምላጭ ሰንጥቃ ገነጠለችው፤ ሙጫውና ክሩ ሲላቀቁ የሚያሰሙት ያ ደረቅ ድምፅ ሲሰማኝ ፊቴን አጨማደድኩ። «ምነው፣ መጽሐፉ ያንቺ ነው እንዴ?» አለችኝ ፊቴን አይታ። አይደለም አልኳት። የማን እንደሆነም አላውቅም፤ ንዴቱ ግን የእኔ ነበር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ።

አባቴ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነበር። ክረምት ገብቶ የጅማ ዝናብ ጠዋት የጀመረውን ማታም አልጨርስ ሲል፣ ደንበኛ ጠፍቶ የስፌት መኪናው ዝም ሲል፣ አባባ ጃንጥላቸውን ይዘው መነኸሪያው አጠገብ ወዳለው መጽሐፍ አከራይ ብቅ ይሉና አንድ መጽሐፍ በብብታቸው ሸጉጠው ይመለሱ ነበር። መጽሐፉ የሚከራየው ለጥቂት ቀን ሲሆን አንባቢዎቹ ግን አራት ነበርን፤ ስለዚህ አባባ መላ ዘየዱ። ጀርባውን በምላጭ ፈትተው አራት ቦታ ይከፍሉትና የመጀመሪያውን ለራሳቸው፣ ሁለተኛውን ለታላቅ ወንድሜ ለሙክታር፣ ሦስተኛውን ለእህቴ ለዘሃራ፣ የመጨረሻውን ለእኔ ያድሉን ነበር። ጊዜ ከተረፈ እንቀያየራለን ይባላል፤ ጊዜ ግን ተርፎ አያውቅም። መመለሻው ሲደርስ ክፍሎቹን ደርድረው በወፍራም መርፌና ሰም በተቀባ ክር መልሰው ይሰፉታል፤ አከራዩም መጽሐፉ ከሄደበት ጠንክሮ ስለሚመለስለት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

እኔ እንግዲህ በልጅነቴ አንድም መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጀምሬ አላውቅም። የማላውቀው ሰው ሲሞት አለቅሳለሁ፣ ማን ማንን እንደሚወድ ሳልሰማ ሠርግ ላይ እደርሳለሁ። «ፎዚያ እንደሆነች ትንሽ ናት፣ ምን ይጎድልባታል?» ይሉ ነበር። ብዙ ነገር ይጎድልብኝ ነበር!

ጥቅምት አልፎ ቡናው ሲለቀም፣ ገጠሬው ልጆቹን ሊያለብስ ወደ ከተማ ሲጎርፍ፣ አባባ ልብ ወለድ የማንበቢያ ጊዜ ስለሚያጡ «ቁም ነገር ያለው» የሚሉትን ያመጡ ነበር። አንዴ ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ መጽሐፍ አመጡ። እሳቸው ስለ ማር ጥቅም አነበቡና ተደሰቱ፣ ሙክታር ስለ ቀፎ አሠራር አነበበና እንጨት መልቀም ጀመረ፣ ለእኔ የደረሰኝ ግን ስለ ንብ በሽታና ጠላት ነበር፤ ሰው ሁሉ ስለ ማር ሲያወራ እኔ ብቻ ንቦቹ እንደሚያልቁ አውቄ ምግብ አልበላም አልኩ። የታሪክ መጽሐፍ የመጣ ዕለት ደግሞ ከነገሥታቱ አንድም ሳይደርሰኝ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ታቅፌ ቀረሁ። ሙክታር በሳቅ ሞተ። እኔ ዛሬም አልሳቅኩም።

የበልጉ ዝናብ አባርቶ ክረምቱ ተመልሶ ሲገባ ደግሞ አስተያየት የሚሰጥበት ዓርብ ይመጣል። ከአስር ሶላት በኋላ የሱቁ በር ገርበብ ይደረግና ሁላችንም ክፍላችንን ይዘን እንቀመጣለን፤ ማንበብ የማትችለው እናቴም ቁልፍ እየተከለች ታዳምጣለች። የሚናገረው በያዘው ክፍል ቅደም ተከተል ነው፤ አባባ ይጀምራሉ፣ ሙክታር ይከተላል፣ ዘሃራ ትንሽ ትላለች፣ እኔ አፌን ስከፍት የመግሪብ አዛን ይላል። ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ተብሎ ፍርዱ ያለ እኔ ይቆረጥ ነበር።

አንድ ክረምት የመጣው ልብ ወለድ ከአባቷ ቤት ስለጠፋች የቡና አገር ልጅ ነበር። «ይቺ ባለጌ ናት» ብለው ጀመሩ አባባ። «አባቷን ሳታስፈቅድ፣ ጎህ ሲቀድ ውልቅ! ከዚህ በላይ ምን ይነበባል?»

«ከተማ ገብታ ደግሞ ከአንድ ሰውዬ ጋር ነው የምትኖረው፣ ወላሂ» አለ ሙክታር።

ዘሃራ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ከሁላችንም ዝምተኛዋ እሷ ነበረች። «እኔ ግን ወደድኳት» አለች።

«ማል?» አሉ አባባ። ሲደነግጡ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው።

«ወደድኳት። ቀን ስትሠራ ውላ ማታ እሱን ስታጥብ፣ ስታበላ ታመሻለች፤ ግን አታማርርም። እኔ ባነበብኩት ውስጥ ክፋት አላየሁባትም።»

«ከቤት የምትጠፋ ልጅ ነው የወደድሽው? አስተግፊሩላህ! ለካ መጽሐፍ እያልኩ ቤቴ የማስገባው ይሄንን ነው!»

ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝና ብድግ አልኩ። «አባባ፣ ሰውዬው ወንድሟ ነው! አባታቸው ያባረሩት ወንድሟ! ታሞ ልታስታምመው ነው የሄደችው፣ ይኸው እዚህ ተጽፏል፣ ያንብቡት!»

«ጨሊሲ! ተራሽ አይደለም።»

«እስቲ ልጅቷ ዝም አትባል» አለች እናቴ ከቁልፏ ቀና ሳትል፣ «መጨረሻው እሷ ጋ አይደል?»

«መጀመሪያውን ያላነበበ ሰው ስለ መጨረሻው ምን ያውቃል?» አሉ አባባ። እሳቸውስ መጨረሻውን ሳያነቡ ስለ መጀመሪያው ምን ያውቃሉ? ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ አዛን አለ፣ እሳቸውም ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ።

በማግስቱ መጽሐፉን ሲሰፉ አጠገባቸው ቆምኩ። የያዝኩትን ክፍል ሰጠኋቸው፣ ሰውዬው ወንድሟ መሆኑ የተጻፈበትን ገጽ ከላይ አድርጌ። ገጹን ገለበጡት፣ ጠርዙን አስተካከሉ፣ መርፌውን አሳለፉ። ዓይናቸው ክሩ ላይ ነበር። አንድ መስመር ቢያነቡ ኖሮ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አላነበቡም። አባቴ ደግ ሰው ናቸው፣ የድሃ ልጅ የደንብ ልብስ በነጻ የሚሰፉ ሰው ናቸው፤ ይህን ግን ይቅር አላልኳቸውም።

አባባ እኔንና ዘሃራን መጽሐፍ ከለከሉን፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለሁለት ይከፈል ነበር፣ ለአባባና ለሙክታር። እኔ ትምህርት ቤት ተውሼ፣ ከጎረቤት ለምኜ አነበብኩ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የተነፈግኩትን መጀመሪያ ሁሉ እንደ ራብተኛ ዋጥኩት። ለዘሃራም ደብቄ አመጣላት ነበር፤ «ቢያዩኝስ?» እያለች ሳትገልጠው ትመልስልኛለች። አሥረኛ ክፍል ስትጨርስ ሸቤ ከተማ ለሚኖር ነጋዴ ተዳረች።

ዛሬ እኔ እዚያው ጅማ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በስልካቸው ስለ መጽሐፍ ሲፈርዱ እመለከታለሁ፤ ሽፋኑን ብቻ አይቶ «የማይረባ» የሚል አለ፣ ጓደኛው የነገረውን የራሱ አድርጎ የሚለጥፍ አለ፣ ሦስት ገጽ አንብቦ ደራሲውን የሚሳደብ ሞልቷል። አንዳንዴ ስልካቸውን ቀምቼ መወርወር ያምረኛል። ቢሆንም «ተራሽ አይደለም» የሚላቸው የለም፤ በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ሸቤ ወርጄ ለዘሃራ ካሁን ቀደም የወሰድኩላትን ልብ ወለድ እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። ሱቋ ውስጥ በርበሬ እየመዘነች ነበር። ሳቅ ብላ «እኔ ምን አውቃለሁ? ባለቤቴን ጠይቂው፣ እሱ ጀምሮታል» አለችኝ።

እየተብሰለሰልኩ በሚኒባስ ተመለስኩ። ያኔ አባባ መጽሐፍ ሲከለክሏት ቢያንስ ራቷን ትታ ስታለቅስ አድራለች።