ለቄጠማ የተገዛ ሽጉጥ

ነገሩን ያወቅሁት ስመለስ ነው። ስወጣ ጭቃው ላይ የጫማዬን ቅርጽ ጥዬ አልፌ ነበር። ስመለስ በላዩ ላይ ሌላ እግር ታትሟል። ክብ ነው፣ የኔን መዳፍ ያህላል፣ ጥፍር የለውም። ውሻ ቢሆን ጥፍሩ ይወጣ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ጠርዙ ገና አልደረቀም፣ ውሃ ወደ ውስጡ እየሰረገ ነው። ቀጣዩን ዱካዬን አየሁ፣ እሱም ላይ አለ። ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ። አንዱንም ሳይስት በኔ እግር እግሩን እየተካ መጥቷል። ቀና ብዬ ዙሪያውን ቃኘሁ። ጥድ ብቻ። ወፍ እንኳ አይጮህም።

እዚያ ተራራ ላይ የምወጣው ለቄጠማ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ወጥተህ፣ ሃይዌዩን ትተህ፣ ጥዱን ዘልቀህ ስትገባ ረግረግ መስክ አለ። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሄጄ አጭድና ለቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አመጣለሁ። ሃቫና ስትሪት ያሉ የሐበሻ ሱቆች የፕላስቲክ ሣር ይሸጣሉ። ፕላስቲክ ላይ ዓመት አይለወጥም ባይ ነኝ። ልጄ ስለ ዱካው ስነግራት፣ «ኖ ዳዲ! ጀስት ኖ! ሁለተኛ አትሄድም» አለች። እኔ ደግሞ አትሄድም ሲሉኝ ነው መንገዱ የሚታየኝ። የሆስፒታል ልብስ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከዚች ቄጠማ ሌላ ሰው የሚጠብቅብኝ ነገር የለም።

ስለዚህ ሽጉጥ ልገዛ ተነሣሁ። ከሱዳን ጀምሮ አብሮኝ ያለ አንድ ባልንጀራ አለኝ፣ ቶርንተን ነው የሚኖረው። ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ነው፣ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። እሱን ይዤ አውሮራ ያለ አንድ ጋን ሾፕ ገባሁ። ሻጩ ሆዱ ቀበቶው ላይ የተኛ ሽማግሌ ነጭ ነው።

«ለምን ትፈልገዋለህ?» አለኝ።

«ሣር ላጭድበት» አልኩት። ሳቀ።

ባልንጀራዬ በአማርኛ፣ «ኧረ እንደ ሰው አስረዳው፣ ልታሳስረን ነው እንዴ!» ብሎ ጎሸመኝና ስለ ተራራው፣ ስለ ዱካው ሁሉንም ነገረው። ሻጩ መሳቁን ተወ። «የተራራ አንበሳ ነው» አለ። «እሱን አየኸው ማለት ብዙ ጊዜ ራሱን ሊያሳይህ ፈልጎ ነው።»

መስታወቱ ላይ ሪቮልቨሮች ደረደረልኝ፣ ጥይቱ የሚዞር ጎማ ውስጥ የሚገባበትን ዓይነት። «ሌላው ሽጉጥ እንቢ ካለህ ጣጣ ነው። ይሄ እንቢ ካለህ ምላጩን ደግመህ ትስባለህ፣ በቃ» አለኝ።

«እንደ አንተ ነዋ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው» አለ ባልንጀራዬ።

ከባዱን የብረት ሽጉጥ አነሣሁ። ሲያነጣጥሩበት ጸጥ ይላል፣ የእጄን መንቀጥቀጥ ይደብቅልኛል። ወገቤ ላይ ሳስረው ግን የታመመ ዳሌዬን ይዞት ወረደ። ቀጥሎ ቀላሉን ሰጠኝ። ግራጫ ነው፣ እንደ ባዶ ጣሳ ነው። ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይጎርሳል ሲለኝ አላመንኩም። ስዘረጋው አፈሙዙ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። ለካ እንዲህ ይንቀጠቀጥ ኖሯል እጄ።

ሻጩ አየኝ። «የቀለለው ለወገብህ ነው፣ ለእጅህ አይደለም። ከባዱ ምቱን ግማሹን ራሱ ይውጥልሃል። ይሄ ሁሉንም ለአንተ ነው የሚሰጥህ።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ባልንጀራዬ ከባዱን ግዛ አለኝ፣ ሻጩም እንደዚያው። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ከባዱን መጀመሪያ ቀን እይዘዋለሁ፣ ሁለተኛው ቀን መኪና ውስጥ እተወዋለሁ። መኪና ውስጥ ያለ ሽጉጥ ደግሞ የመኪናው እንጂ የኔ አይደለም። ቀላሉን ገዛሁ። ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ወስደውኝ ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ አድርጌ ተኮስኩ። መዳፌን በመዶሻ የመቱኝ መሰለኝ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለው ቆዳ ተሰነጠቀ። ደገምኩና አስቀመጥኩት።

«በቃህ?» አለ ባልንጀራዬ።

«ሠራ አይደል? በቃ።»

በቀጣዩ ጳጉሜን፣ በሩፋኤል ዕለት አብረን ወጣን። የኔን ግራ ዓይን ሞራ ጀምሮታል፣ እሱ ዓይኑ ጭልፊት ነው። ጆሮ ግን የኔን የሚያህል የለም። እኔ ልሰማ፣ እሱ ሊያይ ተስማማን። ጃኬቱ ላይ ጋቢ ደርቦ መጣ።

«ለቅሶ ቤት ነው እንዴ የምንሄደው?» አልኩት።

«ሲበርድህ ትለምነኛለህ» አለ።

መስኩ ላይ ደርሰን ማጨድ ስንጀምር የሩፋኤል ዝናብ ጣለ። ባልንጀራዬ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ለዝናቡ ሰጠ። ዝናቡ ሲያባራ ጉም ወረደ፣ ጥዱ ተሸፈነ። ማጭዴን አቆምኩ። ከጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር እርጥብ ሣር ሲረግጥ ሰማሁ። እኔ ስቆም እሱም ቆመ። አንድ ነዶ አጨድኩ፣ ረገጠ። አቆምኩ፣ አቆመ።

«ይታይሃል?» አልኩ ዝቅ ብዬ።

«ጅራት» አለ ባልንጀራዬ። «ከግንዱ ጎን። ጅራቱ ብቻ።»

ሽጉጡን አወጣሁ። ባልንጀራዬ ሲያየኝ ጆሮዎቹን በጣቶቹ ደፈነ። አውሬውን ላስደነግጥ ብዬ ወደ መሬት ተኮስኩ።

እሳቱን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። በሬንጁ መሸፈኛ ውስጥ በር እንደመዝጋት የነበረው ነገር ራሴን ለሁለት ሰነጠቀው። ጭው የሚል ፉጨት ብቻ ቀረ። ባልንጀራዬ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሄደ፣ ሄደ ብሎ በእጁ አሳየኝ። ነዶውን ተሸክሜ ከፊት ሆንኩ፣ እሱ ከኋላ፣ መውረድ ጀመርን።

እግሬ ድንጋይ ሲመታ አይሰማኝም። የኋላው ሰው እግርም አይሰማኝም። በጆሮዬ የኖርኩ ሰው ነኝና ተራራው ያለ እኔ የሚሄድ መሰለኝ። አንድ መታጠፊያ ላይ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ጉም ብቻ ነው። «አንተ!» አልኩ። አልኩ መሰለኝ፣ የራሴን ድምፅ አልሰማሁም። እሱ ስንት ጊዜ ጠርቶኝ ይሆን? ነዶውን ጥዬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

መንገዱ መሀል ቆሟል፣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ። ጋቢውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ዘርግቶታል፣ እንደ ድንኳን። ከፊቱ ያ እንስሳ እንደ ቤት ውሻ ቁጭ ብሏል። እንስት አንበሳ ይመስላል፣ ቀለሙ የደረቀ ሣር ነው። አይቆጣም። የሚያየው ጋቢውን አልነበረም፣ ከጋቢው በታች ያሉትን እግሮች ነበር።

ሽጉጡን አነሣሁ። አፈሙዙ ከባልንጀራዬ ትከሻ ወደ አውሬው፣ ከአውሬው ወደ ባልንጀራዬ አንገት ይሄዳል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ያን ጊዜ ከባዱ በእጄ ቢሆን እተኩስ ነበር። ምናልባትም ጓደኛዬን እገድለው ነበር። መልሼ ወገቤ ላይ ሻጥኩት፣ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ፣ የጋቢውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። እጁ ድንጋይ ሆኗል። የኋሊት መውረድ ጀመርን። አውሬው ተነሣ፣ ያንኑ ርቀት ጠብቆ ተከተለን። የባልንጀራዬ ከንፈር ግጥም ብሏል። የኔ ጉሮሮ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል፣ አባታችን ሆይ እያልኩ መስሎኝ ነበር። የጣልኩትን ነዶ አልፈን ወረድን። አውሬው ነዶው ጋ ሲደርስ አሸተተው። ዞር ዞር አለና ቄጠማው ላይ ተኛ። ጉሙ እስኪሸፍነው ከዚያ አልተነሣም።

መኪና ውስጥ ብዙ ከነዳ በኋላ ነው የባልንጀራዬ ድምፅ ከሩቅ የመጣልኝ።

«ያልከውን ታውቃለህ?» ይላል።

«ምን አልኩ?»

«መንገዱን ሙሉ ስትለማመጠው ነበር። ‹እሱን ልቀቅልኝ፣ ዳግመኛ ቄጠማህን ብነካ እኔን ብላኝ› አልከው። ደጋግመህ።»

«ውሸት!»

«ሩፋኤልን! ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት መሰለህ?»

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ስለት ለአውሬ አይሳልም። ደግሞ ያልሰማኸው ስለት አያስይዝህም» አሉኝ። ደስ አለኝ። በዓመቱ ጳጉሜን ላይ ሽጉጤን ታጥቄ ባልንጀራዬን አስነሣሁት። ነድቶ አደረሰኝ፣ ከጥዱ ሥር ፓርክ አደረገ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ውረድ እንጂ» አልኩት።

«እሳቸው አልሰሙህም» አለኝ መሪውን እንደያዘ። «እኔ ሰምቼሃለሁ። የተለቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ብቻዬን ወርጄ የመንገዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ፉጨቱ ጆሮዬን ለቆኝ አያውቅም፣ ከጥዱ የሚመጣ ይሁን ከራሴ አልለይ አልኩ። ሽጉጡ ከመቅለሉ የተነሣ መኖሩን በእጄ ዳሰስኩ። ቆምኩ፣ ቆምኩና ተመልሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። የዚያን ዓመትም እንቁጣጣሽ እንደ አምናው አዳራሹ ውስጥ ፕላስቲክ ተነጠፈ።

ከአዳራሹ ስንመለስ ባልንጀራዬ፣ «እንግዲህ ሽጉጡን ሽጠው፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

«ይቆይ» አልኩት። «እኔስ ቃሌን ጠበቅሁ። እሱ ቢያፈርስስ?»