የቆንጂት ዙር መንገድ

ቆንጂት ፈለቀ በአውራጃው የባህል ጽሕፈት ቤት ዕድሜዋን የፈጀችው ሌሎች ያሰቡትን በመተየብ ነው። አብዮታዊ ሰላምታ ስትተይብ፣ ለማይመጣ እንግዳ የጥሪ ወረቀት ስትተይብ ጸጉሯ ሸበተ። አባቷ ከመንገድ ሥራ ጋር ከሸዋ ጅማ ገብተው፣ ቦሳ ኪቶ ላይ ቤት ሠርተው፣ እዚያው ያረፉ ሰው ነበሩ። ባል አላገባችም። ለምን ብሎ የሚጠይቃትን ሁሉ “አንተስ አግብተህ ምን አተረፍክ?” ብላ አፉን ታስይዘዋለች።

ይህች ሴት በሥራ ዘመኗ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ራሷ አሰበች። ነገሩ የጀመረው በችግኝ ተከላ ዘመቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቀጨማ ጫካ ውስጥ ከጓዶቿ ተነጥላ፣ በቀስታ ሽቅብ የሚወጣ የእግር መንገድ ያዘች። በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር እያለፈች፣ ጉሬዛ ከላይ እያያት፣ ሳይደክማት ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ምሽግ ደረሰች። ግንቡ ግማሹ ፈርሷል፤ የመትረየሱ ቀዳዳዎች ሐረግ ወጥቶባቸዋል፤ ጥይት ይከማችበት የነበረው ሰፊ የሲሚንቶ ወለል ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ከግንቡ ጀርባ ባለች ምንጭ በኩል ቁልቁል ብትወርድ ከተነሣችበት ድልድይ ላይ ራሷን አገኘችው። አሮጊትም ሕፃንም የሚወጣው ዙር መንገድ ነው። ቆንጂት ያን ቀን ግንቡ ላይ ተቀምጣ ማንም ይህን ተይቢ ሳይላት ዋለች። ደስ አላት። ደስታው ለእሷ ብቻ እንዳይቀርም ፈለገች፤ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ተማሪው፣ ጡረተኛው እሑድ እሑድ ይዙርበት አለች።

አለቃዋ ጓድ እሱባለው የማይቆጣ፣ የማይፈርምም ሰው ነበር። አሳቧን በነገረችው ቁጥር “ይታያል” ይላታል። ሲታይ ከረመ፤ ሲታይ ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል የመንገድ ሥራ ሰዎች የምሽጉን ድንጋይ አፍርሰው ሊወስዱት ነው የሚል ወሬ መጣ። ቆንጂት እሳት ለበሰች። እሱባለውም ከእሷ ምላስ ለመገላገል ሲል አንድ ነገር ተናገረ፤ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ዝግጅት የሚመለከቱ እንግዶች ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ መንገዱን አይተው ከወደዱት ምሽጉ በቅርስነት ይመዘገባል፣ ድንጋዩም ይተርፋል። ካልወደዱት ግን ግንቡም መንገዱም አለቀለት ማለት ነው።

የእግር መንገዱን ቁጥቋጦ የመመንጠሩ ነገር ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለአባቦራ ተሰጠ። አባቦራ ጢማቸው የሸበተ፣ ቡና ውስጥ ተወልደው ቡና ውስጥ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ረጋ ብለው ካዳመጡ በኋላ ጠየቁ።

“ጓድ ቆንጂት፣ ሰውዬው ከድልድዩ ይነሣል። ጫካውን ይዞራል። ከዚያስ?”

“ድልድዩ ጋ ይመለሳል።”

“ምን ይዞ?”

“ምንም። ዞሮ ብቻ ይመለሳል።”

“ኤዬ” አሉ አባቦራ፣ በሽተኛ እንደሚያጽናና ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው ካልሽ እሺ። ወላሂ አሳምረን እንመነጥርልሻለን።”

መነጠሩም። ቆንጂት ሄዳ ስታይ ጫካው ተላጭቷል፣ አረሙ ከሥሩ ወጥቷል። ነገር ግን በመንገዱ መሐል ለመሐል፣ እግር በሚያርፍበት ሁሉ፣ ወፍ ዘርቶት የበቀለ የቡና ችግኝ ቆሟል። አንዱንም አልነኩት። እንዲያውም ሰው እንዳይረግጠው ለእያንዳንዱ በትር ተክለውለታል። የቡና አገር ሰው መንጥር ሲሉት ለቡና ነው የሚመነጥረው፤ ሌላ ምንጣሮ አያውቅም።

“አባቦራ፣ ሰው በየት ይለፍ?”

“በጎን በጎኑ።”

“ይነቀልልኝ እንጂ።”

ሽማግሌው ልጅ ቅበሩልኝ የተባሉ ያህል ደነገጡ። “ቡና ይነቀላል እንዴ?” አሉ። ሊነቅል የደፈረ አልተገኘም። ቆንጂት ራሷ ጎንበስ ብላ አንዱን ያዘችና፣ ሁሉም ሲያዩዋት እጇ አልታዘዝ አላት። በመጨረሻ መንገዱ በየችግኙ እየተጠማዘዘ እንዲያልፍ ተደረገ። ሰካራም ያሰመረው መሰለ። ይሁን አለች፤ ዋናው ምሽጉ ነው።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሄዳ ምሽጉን ልታየው አስባ ነበር፤ የውይይት ክበብ አለ ብለው ያዟት። ስለ ምርት እድገት እስኪመሽ ሲያወሩባት፣ እሷ በልቧ ሁሉንም ስትራገም ዋለች።

በማግስቱ እንግዶቹን እየመራች ጫካውን ወጣች። የእንግዶቹ አለቃ ካኪ የለበሰ ወፍራም ሰው ነው፤ ከድልድዩ ጀምሮ ያለከልካል። ችግኞቹን ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ። ቆንጂት ስለ ምሽጉ የምትናገረውን በቃሏ አጥንታ ነበር፤ ምርኮኞች ድንጋዩን በጀርባቸው እንዴት እንዳወጡት ልትነግራቸው ነው። የመጨረሻውን መታጠፊያ አልፋ ቀና ስትል ንግግሩ ከአፏ ጠፋ።

ወለሉ ላይ ቡና ተሰጥቷል። ከዳር እስከ ዳር ቀይ እሸት ቡና። ሴቶች በባዶ እግራቸው ያገላብጡታል፤ በመትረየሱ ቀዳዳዎች ላይ ባዶ ጆንያ ተሰቅሏል። አባቦራ ቆመው “ገሪዳ፣ ገሪዳ” ይላሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ገበሬዎቹ ሲመነጥሩ ወለሉን አገኙት። የመልቀም ወራት ነው፤ ቡና አፈር ላይ የሚያሰጣ ይቀጣል ከተባለም ሰንብቷል። ፀሐይ የሚያገኘው እንዲህ ያለ ልስን ወለል አግኝቶ ባዶውን የሚተው ሰው በዚያ አገር የለም።

የእንግዶቹ አለቃ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነ። “በክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስጫ አላየሁም። ይህን ማን አሰበው?”

“ጓድ ቆንጂት ናት” አለ ከኋላቸው የመጣው እሱባለው ፈጠን ብሎ።

“የለም፣ እኔ… ቡናው ለጊዜው ነው፣ ጓድ። ቦታው ታሪካዊ ነው። እዚህ ምርኮኞች…”

“ታሪክ ማለት ምርት ነው” አለና እንግዳው አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨቡ። ጨርሳ እንድትናገር የጠበቃት አንድም ሰው አልነበረም።

ድንጋዩ ተረፈ። ምሽጉ በሽቦ ታጠረና የቡና ማስጫ ተባለ። ቆንጂትም በአዳራሽ ተጠርታ ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ሜዳልያ አጠለቁላት። ቤቷ ገብታ በንዴት አለቀሰች። እሑድ ረፋድ አባቦራ ማር ይዘው ደስታዋን ሊካፈሉ ቦሳ ኪቶ ድረስ መጡ፤ ፊቷን ሲያዩ ግራ ገባቸው።

“ድንጋዩን አልወሰዱት። ሜዳልያ አገኘሽ። ምን ያስቆጣሻል?”

“እኔ እኮ ሰው እንዲዞርበት ነበር የፈለግሁት፣ አባቦራ።”

“ሰውማ ይዞርበታል። ቡና የሚያገላብጥ ሰው ሲዞር አይደል የሚውለው?”

ሽማግሌው እያሾፉ አልነበረም። እሷን ያናደዳትም ይኸው ነበር፤ የምትጣላው ሰው አጣች። ማሩን ተቀብላ ሸኘቻቸውና ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ወደ ቀጨማ ሄደች።

ከሽቦው በር ላይ ታመነ የሚባል ዘበኛ አስቆማት። ከከምባታ ለሥራ መጥቶ ቦሳ አዲስ የሚኖር፣ ትሑት አማኝ ነው።

“ጌታ ይባርክዎ፣ እትዬ። የመግቢያ ፈቃድ ይዘዋል?”

“ቆንጂት ነኝ። ይህን ቦታ ያስከበርኩት እኔ ነኝ።”

“አውቅዎታለሁ፤ ሲሸለሙ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ግን ያለ ፈቃድ ሰው አታሳልፍ ተብያለሁ።”

“ቡናውን አልነካም። በዚህ ገብቼ በምንጩ በኩል ልውረድ ብቻ።”

ታመነ አዘነላት። ሊረዳት ፈልጎ፣ “በምንጩ በኩል የሚጠብቅዎ ሰው አለ? ካለ ሮጬ ልጥራልዎ” አላት።

“የለም” አለች።

የሚጠብቃት ሰው ቢኖርማ መቼ ጫካ ትዞር ነበር። ይህን ለዘበኛው አልነገረችውም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፊቷን አዞረችና በመጣችበት ተመለሰች።